ዙሪያ ጥምጥም

ሰፈራችን ውስጥ ማን ዕዳ እንዳለበት ለማወቅ የባንክ ደብተር ማገላበጥ አያስፈልግም። ማታ ከታክሲ ወርዶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ማየት ይበቃል። ዕዳ የሌለበት ሰው ከፌርማታው ወርዶ በኮብልስቶኑ ቀጥ ብሎ ቤቱ ይገባል። የሱቅ ዱቤ ያለበት በወፍጮ ቤቱ ጀርባ ይዞራል። የሱቅም የሥጋ ቤትም ያለበት አንድ ፌርማታ አልፎ ይወርድና በወንዙ በኩል አፍንጫውን ይዞ ይመጣል። በዚህ ላይ የእድር ውዝፍ የተጨመረበት ደግሞ ጨለማ እስኪያግዘው ቢሮው ያመሻል። እኔ አንድ ሰሞን በታታሪነት ልሸለም ምንም አልቀረኝም ነበር። አለቃዬ በስብሰባ ላይ እየጠራኝ "ይሄ ሰው ቤት የለውም እንዴ?" እያለ ለሌላው ምሳሌ ያደርገኝ ነበር። ቤትማ ነበረኝ። መንገድ ነው ያጣሁት።

ስለ ወለድ ሲወራ ሁሌም የሚቆጠረው በመቶኛ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አበዳሪና ተበዳሪ በዓመት ከመቶ 12 በላይ ወለድ እንዳይዋዋሉ ይከለክላል፤ ልኩን በጽሑፍ ካልወሰኑት ደግሞ ከመቶ 9 ያደርገዋል። ደግ ሕግ ነው። በወፍጮ ቤት ጀርባ ስለሚዞር ሰው ግን ያለው ነገር የለም። የእኛ ባለሱቅ ከመቶ ዜሮ ነው የሚያስከፍለው፤ ወለድ የሚባል ነገር አያውቅም። ሆኖም በእሱ ዱቤ ምክንያት የጨረስኩትን የጫማ ሶል፣ በዝናብ የበሰበሰውን ካልሲ፣ ዞሬ እስክገባ የቀዘቀዘውን ሽሮ ብደምረው አራጣ አበዳሪ ሳይረክስልኝ አይቀርም። አራጣስ በሕግ የተከለከለ ወንጀል ስለሆነ ቢያንስ ሰው ያዝንልሃል።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ያበደሩንም ያለ ወለድ ነው። ለልጆቹ ትምህርት ቤት ምዝገባ ገንዘቡን የሰጡን ቀን "ገንዘብ ምን ይሠራል፣ ዋናው ዘመድ ነው" ብለው እንባችን እስኪመጣ አጽናኑን። የእሳቸው ወለድ አስተያየት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ጉዳይ ላይ ድምፅ የመስጠት መብት አገኙ። እሑድ እሑድ ይመጣሉ፤ ሶፋው ላይ ይቀመጡና ቡናው እስኪቀርብ ዓይናቸውን በቤቱ ውስጥ ያንሸራሽራሉ።

"መጋረጃ ቀየራችሁ?"

"ኧረ አልቀየርንም ጋሼ። ታጥቦ ነው።"

"እንዲህ ያምር ነበር እንዴ?"

ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ መጋረጃ ማጠብ ተወች። ብድሩ እስኪመለስ ድረስ ቤታችን ትንሽ ቆሸሽ ብሎ ስለ ችግራችን መመስከር ነበረበት።

ዕዳ ከሜዳ ይላሉ። የእኛ ግን ከሜዳ አልመጣም፤ ከግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ነው የመጣው። የኢትዮጵያ ዓመት 13 ወር አለው፤ ደመወዝ የሚወጣው ግን 12 ጊዜ ነው። ጳጉሜ ፀሐይ አላት፣ ዝናብ አላት፣ ሩፋኤል አላት፤ ደመወዝ ብቻ የላትም። ሆድ ደግሞ ጳጉሜን ከነሐሴ አይለይም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተቀበልከው ደመወዝ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ 35 ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ 36 ቀን መዘርጋት አለበት። እሱም በማይሆን ወር ነው። እንቁጣጣሽ አለ፣ ዶሮ አለ፣ ምዝገባ አለ፣ ዩኒፎርም አለ፣ ባለፈው ዓመት የተገዛው ቦርሳ ክረምቱን ሙሉ አልጋ ሥር ተኝቶ ዚፑ ተበላሽቷል። ይሄን ሁሉ ተሻገርኩ ስትል መስቀል ይመጣል። ጥር ሲገባ ደግሞ "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ይሉሃል። ቀሚሱ አይበጣጠስም፤ የምንበጣጠሰው እኛ ነን። በሁዳዴ 55 ቀን ሥጋና ቅቤ ስለማንቀምስ ትንሽ እናተርፋለን ብዬ በየዓመቱ አሰላለሁ፤ በየዓመቱ የፋሲካው በግ ስሌቴን ይበላብኛል።

በዚህ መሐል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ። የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተባለና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ሳይቆይ ከመቶ በላይ ሆነ። እኔ በዕድሜዬ ዶላር አበድሬም ተበድሬም አላውቅም። ዘይቱ ግን ያውቃል። የልጆቹ ደብተር ያውቃል፤ ሳሙናውም ሳይቀር ዜና ይከታተላል መሰለኝ። ደመወዜ ብቻ ነው ምንም ሳይሰማ ሰላሙን አግኝቶ የተቀመጠው።

እንግዲህ በዱቤ እየበላን፣ ዱቤውን በብድር እየሸፈንን፣ ብድሩን በሌላ ብድር እየደፈንን ኖርን። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ እንደሚባለው አንድ ቀን ባለቤቴ ከልጃችን ያለፈ ዓመት የሒሳብ ደብተር ውስጥ ያልተጻፈባቸውን ገጾች አገላብጣ አወጣችና "ተነሥ፣ ባለሱቁ ጋ እንሂድ" አለችኝ።

"ምን ልንከፍል?"

"ምንም። ልናይ።"

የባለሱቃችንን ደብተር ላላየ ሰው ልንገረው። ባለ አራት ማዕዘን ሠንጠረዥ ወረቀት ያለው፣ ሽፋኑ ላይ ፈገግ ያለ የኳስ ተጫዋች የተሣለበት፣ ጥጉ በዘይት ርሶ ብርሃን የሚያሳልፍ ደብተር ነው። እስክሪብቶው በሲባጎ ታስሮ ከሚዛኑ እግር ላይ ተንጠልጥሏል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ አለው፤ ስም ግን አይጻፍበትም። "ቀይ በር" የሚል አለ። "ባለ ውሻዋ" አለ። "ፎቅ ግራ" አለ። የእኛ ገጽ ራስጌ ላይ "ዝምተኛው" ተብሎ ተጽፏል። ባለቤቴ አንዴ ገጹን አንዴ እኔን አየች። እዚህ ሱቅ ስገባ ለምን ዝም እንደምል ገና ያኔ ነው የገባት። ባለዕዳ ምን ብሎ ይጫወታል?

ዕቃዎቹም በሙሉ ስማቸው አይጻፉም፤ በመጀመሪያ ፊደላቸው ነው። "ዘ" ዘይት ነው። "ስ" ስኳር ነው። "መ" አንዳንዴ መኮሮኒ፣ አንዳንዴ መፍለጫ ተበድረን ያልመለስንበት ነው። ባለቤቴ በጣቷ እየተከተለች ወረደች፤ አንድ ቦታ ስትደርስ ቆመች።

"ይሄ 'አ' ምንድን ነው?"

ባለሱቁ እኔን አየኝ። እኔ የተደረደሩትን የሳሙና ካርቶኖች አየሁ። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ፣ መንገዱ ገና ክፍት በነበረበት ዘመን፣ ሱቁ በር ላይ ቆሜ አንዳንድ አምቦ ውሃ እጠጣ ነበር። ለጨጓራዬ ነው። እሷ ደግሞ ጨጓራን ተልባ ያድነዋል ብላ ታምናለች።

"አ... አጃ ነው እትዬ" አለ ባለሱቁ።

"እኛ ቤት አጃ የሚበላ የለም።"

"ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው። አምፖል ነው።"

"በአንድ ወር ይሄን ሁሉ አምፖል?"

"መብራቱ እየሄደ እየመጣ ያቃጥላል እኮ እትዬ፤ የሁሉም ቤት ነው።"

እንደ ነፍስ አባት ነው የቆመልኝ። ባለቤቴ ምንም አላለችም። ያመጣችውን ደብተር ከፈተችና ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና እያለች ገልብጣ፣ ከሥሩ አስተካክላ "አምፖል" ብላ ጻፈች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን በጀት ላይ በየወሩ "አምፖል" የሚል መደብ አለ። ልኩን የወሰነችው እሷ ናት፤ ወጪውን የማወራርደው እኔ ነኝ።

ያን ዕለት ማታ ዕዳው ሁሉ ተጻፈ። የባለሱቁ፣ የጋሼ፣ የሥጋ ቤቱ፣ የእድሩ፣ የመሥሪያ ቤቴ የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ ጎረቤት ለመብራት ካርድ የሰጠችን ሳይቀር። ድምሩን አልነግራችሁም፤ ባለቤቴ ግን ሁለት ጊዜ ደመረችውና ሁለተኛው ከመጀመሪያው ስለበለጠ ሦስተኛ አልሞከረችም።

አሁን ጥያቄው ከየት ይጀመር የሚለው ሆነ። በራዲዮ የሚመክሩት የገንዘብ ባለሙያዎች በሁለት ይከፈላሉ። ግማሾቹ ወለዱ ከሚከብደው ጀምር፣ ብዙ የሚበላህ እሱ ነው ይላሉ። ግማሾቹ ከትንሹ ጀምር፣ ቶሎ ሲያልቅ ወኔ ታገኛለህ ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ባለቤቴ ግን ሁለቱንም ሰምታ "እነዚህ ሰዎች ሰፈር የላቸውም?" አለች። የእሷ ሥሌት በመንገድ ነው። የትኛው ዕዳ ነው የትኛውን መንገድ የዘጋው? ሱቁ ዋናውን የኮብልስቶን መንገድ ይዟል፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሱ በከፊል ይከፈልና መንገዱ ይከፈት። ሥጋ ቤቱ የዘጋው የጓሮውን መንገድ ነው፤ ደግሞም ባናይ የሚሻለን መንገድ ነውና ይቆይ። የጋሼ ዕዳ መንገድ ባይዘጋም የእሑድን ቀን ስለዘጋ በሁለተኛነት ይሰለፍ። የመሥሪያ ቤቱ ማኅበር ከደመወዜ ላይ ሳላየው ስለሚቆርጥ አይናፍቀኝም፤ በራሱ ጊዜ ይለቅ። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ከአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ላይ የሚቆረጠው ተደምሮ ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ይላል። ይሄንን ለባለቤቴ ነገርኳት። "ሕጉ ስለ አሠሪ ነው የሚያወራው፣ እኔ አሠሪህ አይደለሁም" አለችና ደመወዙን በሙሉ ተረከበችኝ።

እኔ በበኩሌ ይሄ የመንገድ ሥሌት ከራዲዮው ምክር የሚበልጥበት ምክንያት አለው ባይ ነኝ። እኛ ዘንድ ዕዳን የሚያከብደው ይሉኝታው ነው። ገንዘቡን ሳይሆን ሰውዬውን ነው የምንሸሸው፤ ስንሸሽ ደግሞ ያበደረን ሰው "ይሄ ሰው ሊክደኝ ነው" ማለት ይጀምራል፤ እሱ ሲጠረጥር እኛ የበለጠ እንሸሻለን። ግማሹን ከፍለህ ቀሪውን "በዚህ ቀን" ብለህ ፊት ለፊት የነገርከው ሰው ግን ወዲያው ሰላምታው ይመለሳል። ባለሱቁ ከግማሹ በታች ነው የተቀበለው፤ እኔ ግን በማግስቱ በኮብልስቶኑ መሐል እጄን ኪሴ ከትቼ ሄድኩ። የወፍጮ ቤቱ ውሻ ሳይናፍቀኝ አልቀረም።

የዛሬ መቶ ዓመት ግድም አዲስ አበባ የመጡ የውጭ አገር ሰዎች ተገርመው ፎቶ ያነሱት አንድ ነገር አለ፤ አበዳሪና ተበዳሪ በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ተሳስረው ገበያ መሐል ሲሄዱ። ቁራኛ ነው። ተበዳሪው እስኪከፍል ወይም ዋስ እስኪያገኝ ድረስ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ዱሮ ይሄን ፎቶ ሳይ የሚያሳዝነኝ ተበዳሪው ነበር፤ አሁን አሁን አበዳሪው ነው። ገንዘቡን ሰጥቶ የታሰረ ሰው! ምሳ ልብላ ቢል ባለዕዳውን ይዞ ነው፤ ሽንት ቤት ቢል ባለዕዳውን ይዞ ነው። ጨካኝ ሥርዓት ነበር፣ ይመለስ የሚል የለም። ቢሆንም ሰንሰለቱ በአደባባይ ይታያል። የአገር ልጅ ያያል፣ ዘመድ ያያል፣ አንዱ ቀርቦ "ስንት ነው?" ይላል። እኔ በወንዙ በኩል ስመጣ ግን ያየኝ አልነበረም፤ ስለዚህ ስንት ነው ያለኝም የለም።

ሁለተኛው የባለቤቴ አዋጅ ከመጀመሪያው ከበደኝ። "የለኝም" በል የሚል ነበር። ቀላል ይመስላል። እስቲ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጫማውን ጠርጎ፣ ባጁን አንጠልጥሎ ቢሮ የገባ ሰው "የለኝም" ይበልና ይሞክረው። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንዲት ልጅ ልታገባ መዋጮ ይሰበሰባል። ሰብሳቢው ወረቀቱን ይዞ መጣ። ወረቀቱ ራሱ ወጥመድ ነው፤ አንደኛ ተራ ላይ አለቃው በትልቁ ጽፎ ይፈርማል፣ ከሱ በታች ያለው ወደ ላይ አይቶ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ይጽፋል፣ ቀጣዩ ወደ ላይ አይቶ እኩል ይጽፋል። እንዲህ እየተባለ ጥበቃው ጋ ሲደርስ ምስኪኑ የሳምንት አስቤዛውን ይፈርማል።

"የለኝም" አልኩት።

ሳቀ። "ቀልደኛ ነህ። ስንት ልጻፍልህ?"

"የምሬን ነው። የለኝም።"

ሳቁን አቆመና በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። ሊቆጣኝ መስሎኝ ነበር። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እኔም እኮ የለኝም" አለ። "የፈረምኩትን ከቁጠባ ማኅበሩ ተበድሬ ነው የከፈልኩት። አሁን ወረቀቱን ይዤ ስዞር እያንዳንዱ ሰው ሲፈርም ያመኛል።"

ከዚያ ሁለታችን ሆነን ሦስተኛውን ጠየቅነው። እሱም የለውም። አራተኛዋ የለኝም ለማለት የሚቀድማትን ሰው ስትጠብቅ ኖራለች። ግማሹ ቢሮ ተበድሮ ነበር ለካ የሚያዋጣው፤ አንዱ የሌላውን ፊርማ እያየ! ወረቀቱ ተቀደደና ባዶ ፖስታ ዞረ፤ ሁሉም የቻለውን፣ ማንም ሳያየው። የተሰበሰበው ከድሮው ያነሰ ነው። ሙሽራዋ አልተቀየመችም፤ እሷም ለሠርጓ ተበድራ ነበርና ነገሩን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። አለቃችን ግን እስከ ዛሬ ፊርማው የት እንደሚታይ ይፈልጋል።

ስልክን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ላይ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ መላ፣ እንደኪሴ እና ሳንዱቅ የሚባሉ አገልግሎቶችን አመጣ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብድር፣ ሦስተኛው ቁጠባ ነው። ለቸገረው ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ ወገቡን ይዞ አበዳሪ ደጅ ከመቆም አድኖታል። እኔ የምፈራው ያንኑ ምቾቱን ነው። ስልክ "ለምንድን ነው?" ብሎ አይጠይቅም፤ እሑድ መጥቶ መጋረጃ አያይም፤ የሚዞሩበትም መንገድ የለውም። የማያሳፍር ዕዳ ሰው ሳያውቀው ይከመራል። ባለቤቴ ሦስቱንም ስሞች በየተራ አስነበበችኝና "ከነዚህ ውስጥ እኛን የሚመለከተው ሳንዱቅ የሚለው ብቻ ነው" ብላ ስልኬን መለሰችልኝ።

ጉደኛው ነገር በዕዳ ላይ ዕዳ እያለብን እቁብ መግባታችን ነው። እኔ ተቃውሜ ነበር። ሊከፍል ያቃተው ሰው እንዴት ይቆጥባል? የባለቤቴ መልስ "አንተ የምትቆጥበው ስታፍር ብቻ ነው" የሚል ነበር። እውነቷን ነው። ባንክ ብናስቀምጥ ደብተሩ አይቆጣንም፤ ባለፈው ወር አላስገባህም ብሎ በር አያንኳኳም። የእቁባችን ዳኛ ግን እሑድ ጠዋት በራችን ላይ ቆመው፣ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ፣ ስሜን እስከ አያቴ ነው የሚጠሩት። ያ ድምፅ እንዳይሰማ ብዬ ስንት ነገር ትቻለሁ! ወደ ዕዳ የከተተን ይሉኝታ ነው፤ ያወጣንም እሱው ራሱ ነው። ለሠርጉ፣ ለክርስትናው፣ ለመጋረጃው ሲጎትተን የኖረውን ጉልበት ባለቤቴ አዙራ እቁብ ላይ ጠመደችው።

ዕጣ የሚወጣበት ቀን ደግሞ ሌላ ቲያትር ነው። የተጠቀለሉት ወረቀቶች ሲኒ ውስጥ ይደረጋሉ፤ ሲኒው ይንቀጠቀጣል፤ የአከራዩ ትንሽ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ያወጣል። ቶሎ የወጣለት ሰው ያለ ወለድ ብድር አገኘ ማለት ነው፤ መጨረሻ ላይ የደረሰው ያለ ወለድ አበዳሪ ሆኖ ከረመ ማለት ነው። የዘይቱ ዋጋ በየወሩ እየዘለለ ሳለ መጨረሻ መሆን እንደማያዋጣ ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ የልጁ እጅ ሲኒው ውስጥ ሲገባ ቤቱ ጸጥ ይላል። ለእኛ መሐል ላይ ወጣልን። አንዲት እናት ልጃቸውን ሊድሩ ነበርና ዕጣችንን ካልለወጣችሁን ብለው ሲለምኑን ባለቤቴ እጃቸውን ይዛ "እማማ፣ እኔም እኮ የምድረው አለኝ" አለች። ማንን እንደምትድር ሲጠይቋት "ባለሱቁን" አለቻቸው።

ጋሼ ገንዘባቸውን የተቀበሉ ቀን "ምን ያስቸኩላችኋል፣ ዘመድ አይደለን?" አሉ፤ ሁለት ጊዜ ግን ቆጠሩት። በቀጣዩ እሑድ መጋረጃው ታጥቦ ነበር። አዩት፤ ምንም አላሉም። ቡናቸውን ጠጥተው ሲወጡ ግን ለእኔ "ሶፋው ትንሽ አረጀ፣ ብትቀይሩት ምን አለበት" አሉኝ። ወለዱ ባንዴ አይቆምም።

ለጳጉሜም መላ ተበጀላት። ባለቤቴ ከየወሩ ደመወዝ ላይ ትንሽ ትንሽ እየቆነጠረች በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ መንግሥት ያልከፈላትን ወር እኛው እንከፍላታለን ማለት ነው። ጣሳው ላይ በማርከር "ጳጉሜ" ብላ ጽፋበታለች። በዘመነ ሉቃስ ስድስተኛዋን ቀን ከምን እንደምንሸፍናት ስጠይቃት አምፖል ከሚለው መደብ ላይ እንደሚቀነስ ነገረችኝ።

እቁቡ የወጣልን ሰሞን ታዲያ ሁለታችንም ለብሰን፣ የለበስነውም ለሱ ብለን ነው፣ የባለሱቁን ቀሪ ሒሳብ ልንዘጋ ሄድን። ገንዘቡን ባንኮኒው ላይ ስናስቀምጥ ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ ጠቆረ።

"ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፋህ። ልንከፍልህ ነው።"

"ሁሉንም? ... ሌላ ሱቅ ጀመራችሁ እንዴ?"

ደብተሩ ባዶ ሲሆን ደንበኛ ሄደ ማለት ነው ለእሱ። ሰፈር ሊለቁ ያሰቡ ሰዎች ናቸው ጨርሰው የሚከፍሉት። "እንዲህ አይሆንም እትዬ፣ ትንሽ ነገር ይቅር። ለወጉ ያህል፤ የአንድ ሳሙና እንኳ።" ባለቤቴ ንቅንቅ አላለችም። እስከ መጨረሻዋ "ስ" ድረስ እያስነበበች አሰረዘችው። ሲጨርስ መልስ የሚሰጠን ገንዘብ ነበረ፤ መሳቢያውን ከፍቶ ዝርዝር የለኝም አለ። ማስቲካ ልስጥ ሲል እሷ እምቢ አለች፤ ክብሪት ሲል እምቢ አለች። በመጨረሻ የተጫዋቹን ደብተር ገለጠ፣ የእኛን የተሰረዘ ገጽ ገልብጦ ጀርባው ላይ የሚገባንን መልስ ጻፈ። አሁን ባለዕዳው እሱ ነው። ፊቱ ፈታ አለ፤ ደንበኝነታችን ተረፈች። ከቁጥሩ አጠገብ ግን አንዲት ፊደል ጨመረ። ባለቤቴ አንገቷን አስግጋ አየቻት።

"ይሄ 'አ' ደግሞ ምንድን ነው?"

ባለሱቁ ወደ እኔ ሳያይ፣ እስክሪብቶውን በሲባጎው እየለቀቀ፣ "መልሱን ባይሆን በአምፖል እከፍላለሁ ብዬ ነው እትዬ" አላት።

"ይብራ" አለች።